አይጦቹ የጎተቱት ስንዴ

ባየች ከመሰላ መጥታ ልጇ ቤት ከገባች ሁለት ወር ሳይሞላት ቤቱን አይጥ ወረረው። መጀመሪያ የልጅ ልጇ የገሊላ የደንብ ልብስ ኪስ ተበልቶ ተገኘ፤ ልጅቷ ብስኩት ረስታበት ኖሯል። ቀጥሎ የሳሎኑ መጋረጃ ጫፍ ተቀረጠፈ። ከዚያ ደግሞ ምራቷ ሚካል ለፋሲካ አጥፋ ያስቀመጠችው ነጠላ። ሚካል ነጠላውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ለባሏ ስታሳየው ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

«ይኸው እንግዲህ! አራት ዓመት እዚህ ቤት ስንኖር አንዲት አይጥ አይተን አናውቅም። ያ በጆንያ የታሰረ ጓዝ ከገባ ወዲህ ነው።»

ባሏ እንዳሻው አልመለሰላትም። እናቱ ማዕዱ ላይ ከጎኑ ተቀምጣለች። እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ፤ ውሃ ጠጣ፤ ሰዓቱን አየና ወደ ሥራው ወጣ። ባየች የልጇን ዝምታ አልወደደችውም። «የእናቴን ጓዝ ምን አገባሽ» የሚል አንድ ቃል ቢወጣው ይበቃት ነበር።

ጓዙ እንደሆን ብዙ አልነበረም። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፣ የሟች ባሏ ፎቶግራፍ፣ አንድ ሳህን የማይሞላ የማሽላ ዘር። ባየች መሰላ ላይ ተወልዳ፣ መሰላ ላይ ተድራ፣ መሰላ ላይ ባሏን ቀብራ ስድሳ አራት ዓመቷን እዚያው የጨረሰች ሴት ናት። ከዚያ ያፈናቀላት ድርቅ ነው። በልጉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሲከዳ በሬዎቿ አለቁ፤ ልጇ ደግሞ «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ብቻሽን፣ ነይ እኔ ጋ» ብሎ መኪና ላከላት። ቤቷን ለአንድ አስተማሪ አከራይታ መጣች። ሌሎቹ ጭሮ የሚሉትን ከተማ እሷ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የምትለው። እዚህ አገር የሚያውቃት ሰው የለም። የልጇ ቤት ግን ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ከጀርባው ሁለት ሰርቪስ ቤት አለው። አንደኛው ማድ ቤት ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፎ ይኖራል። «የግንባታ ዕቃ ነው፣ ሲሚንቶ ምናምን» ብሏት ነበር እንዳሻው፤ እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችም።

ከምሳ በኋላ ባየች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ሚካል፣ አይጥ እንደሆነ እኔ አጠፋዋለሁ። ልጅነቴን ሙሉ ጎተራ ስጠብቅ ነው ያደግሁት።»

«እርስዎ አይልፉ እትዬ» አለች ሚካል፤ አነጋገሯ ግን የመከልከል አልነበረም።

ባየች ሁለት ቀን ሙሉ በእጇና በጉልበቷ ስትድህ ዋለች። ቀዳዳ ስታገኝ ጠርሙስ ሰብራ ስባሪውን ትጠቀጥቃለች፤ በላዩ ጭቃ ትመርግበታለች። ጠዋት ስትነሳ አይጦቹ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ አውጥተው ታገኛለች። የሰው ቤት ተቀምጣ እየበላች መሆኗ ያሳፍራት ስለነበር አይጦቹን እንደ ግል ጠላት ያዘቻቸው። በመጨረሻ ጎረቤታቸው ረዲያ ዘንድ ሄደች። ረዲያ ገበያ ላይ ጫት የምትቸረችር፣ ሳቂታ፣ ከጭሮ ሰዎች ሁሉ ባየችን ቀድማ የተዋወቀች ሴት ናት። አንዲት ዝንጉርጉር ድመት ነበረቻት።

«አዴ ባየች፣ ውሰጂያት!» አለች ረዲያ። «ቡሬ ትባላለች። ወላሂ፣ ከሷ አይጥ አያመልጥም። ብቻ ሲመሽ መልሺልኝ፣ ልጆቼ ያለሷ አይተኙም።»

ድመቷ በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በሁለተኛው አራት ገደለች። ገሊላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየቆጠረች ታጨበጭባለች። ባየች ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። ምራቷም እንኳ አንድ ጊዜ «ኧረ እሰይ» ስትል ሰምታታለች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ድመቷ በተቆለፈው ሰርቪስ ቤት በር ሥር ተዘርራ ተገኘች። አፏ አረፋ ደፍቋል፤ እግሮቿ ደርቀዋል። ባየች ልታነሳት ጎንበስ ስትል ከአፏ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ መጣባት።

«ሚካል! ምን አድርገሽ ነው?»

ሚካል ከማድ ቤት ብቅ አለች። ድመቷን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ከሚዞረው ሰውዬ የአይጥ መድኃኒት ገዝቼ ነበር... እዚያ ውስጥ ነው ያደረግሁት፣ ተቆልፎ ነው። በበሩ ሥር እጇን ሰዳ ይሆናል፣ ወይም የበላ አይጥ በልታ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም? የሰው ድመት መሆኗን እያወቅሽ!»

«እርስዎ ነዎት ያመጧት።»

ረዲያ መጥታ ድመቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ወሰደች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ሁሉም የአላህ ነው» አለች። «ግን አዴ፣ መርዝ አለ ብትሉኝ ምን ነበረበት?» ባየች አላውቅም ነበር ብትል ምራቷን መክሰስ፣ ዝም ብትል ጥፋቱን መቀበል ሆነባት። ዝም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ረዲያ በዚያ በር ስታልፍ ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች እንጂ አትገባም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ባየች ስትተርተው የኖረችውን ያን ጊዜ ቀመሰችው።

አይጦቹ ግን አላለቁም። ባየች አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል ከገሊላ ጋር የምትተኛበትን አልጋ ከግድግዳው ጎትታ አወጣች። ከኋላው ጥግ ላይ ከጨርቅና ከወረቀት የተሠራ ጎጆ አለ። በእንጨት ስትበትነው አንድ ጭብጥ የሚሆን እህል ተዘረገፈ። አንስታ በመዳፏ ላይ አየችው። ስንዴ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ የባሕር ማዶ ስንዴ።

ቆማ አሰበች። እዚህ ቤት ጤፍና ማሽላ ነው የሚበላው፤ ዳቦ ከዳቦ ቤት ይመጣል። ስንዴ ሲገዛም ሲፈጭም አላየችም። የአይጦቹን መንገድ በዓይኗ ተከተለች። ከአልጋው ሥር፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር፣ በማድ ቤቱ ጀርባ፣ እስከ ተቆለፈው በር ድረስ የአይጥ ኩስ እንደ ጥቁር አዝሙድ ተንጠባጥቧል። የበሩ ጣውላ ከሥሩ ተበልቶ አራት ጣት ያህል ተከፍቷል። ሚካል ለቅሶ ቤት ሄዳለች፤ ገሊላ ትምህርት ቤት ናት። ባየች መሬቱ ላይ በደረቷ ተኛችና ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች።

ጆንያ ነው። ነጭ ጆንያ፣ በላዩ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ። ማንበብ አትችልም፤ ያንን ጆንያ ለማወቅ ግን ማንበብ አያሻትም ነበር። ጓዟን አስራ የመጣችበትም እንደዚያው ያለ ባዶ ጆንያ ነው። መሰላ ላይ ለእርዳታ ተሰልፋ የተቀበለችው ነበር፤ እሷና ጎረቤቷ ሞሚና፣ ሌላውም አገር ሁሉ። ልጇ የእርዳታ እህል የሚያከፋፍለው ድርጅት መጋዘን ኃላፊ ነው። ያንን ሁሉም ያውቃል።

እንደ ተኛች ቀረች። ያለፈው መስከረም መጣባት። ሰልፍ ወጥተው ውለው «የዚህ ወር አልመጣም» ተብለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ እሷን ከበቧት። «አዴ ባየች፣ ልጅሽ እዚያው ነው፣ ደውይና ጠይቂልን» አሏት። ደወለች። «መንገድ ተበላሽቶ ነው እማዬ፣ መኪናው አዋሽ ላይ ቆሟል» አላት እንዳሻው። እሷም ከቤት ቤት ዞራ «መንገድ ተበላሽቶ ነው፣ ታገሱ» ብላ ነገረች። ልጄ ነው የነገረኝ ብላ፣ ኮርታ። የሞሚና የልጅ ልጅ በዚያው ወር ነው የሞተችው። ባየች ናት ሞሚናን ደግፋ የያዘቻት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሚካልና ገሊላ ወደ ገበያ ሲወጡ፣ ባየች ስንዴውን ይዛ ልጇ ፊት ቆመች። መዳፏን ዘረጋችለት።

«ይሄ ምንድን ነው እንዳሻው?»

አየው። ለመዋሸት አፉን ከፈተና ተወው። «ማን ከፈተልሽ?»

«አይጥ ናት የከፈተችልኝ። የማን ነው እህሉ?»

«የትርፍ ነው። ከጆንያ ሥር ከሚጠረግ፣ ከሚፈስ፣ ከተረፈ የተጠራቀመ ነው። ሁሉም መጋዘን ያለው ነገር ነው፣ አንቺን አያገባሽም።»

«እስከ ጣሪያ የተደረደረ ትርፍ? መንገድ ተበላሽቶ ነው አላልከኝም? በኔ አፍ አይደለም ያስነገርከው?»

እንዳሻው ተነሳና መስኮቱን ዘጋ። ወደ እናቱ ሲዞር ባየች የማታውቀው ሰው መሰላት። «ይሄ ቤት በምን የተሠራ መሰለሽ? በደመወዝ ብቻ ሴራሚክ ይነጠፋል? አንቺ የምትተኚበት ፍራሽ፣ የምትውጪው የደም ግፊት ኪኒን ከሰማይ የወረደ መሰለሽ? እኔ ብቻ አይደለሁም። ከላይም አሉበት። እኔ ባልወስድ ሌላው ይወስደዋል፣ መሰላም አይደርስም።»

«የሞሚና የልጅ ልጅ ሞታለች።»

«ልጅ ሁሌም ይሞታል እማዬ። እኔ አልገደልኳትም።»

ባየች ተቀመጠች። ይህን ልጅ ጡት ያስጣለችው በሬት ነበር፤ እንቢ ብሎ ሬቱን እየጠረገ ይጠባ እንደነበር ትዝ አላት። ምን ብላ እንደምትጮህ አላወቀችም። «መልስ» አለችው ብቻ። «ለባለቤቱ መልስ።»

ሳያስበው የሷን ቃል የሚፈጽምበት ቀን ሩቅ አልነበረም። ረቡዕ ስልክ ተደወለለት፤ ሐሙስ ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ መጋዘንም ቤትም ይፈትሻሉ የሚል ወሬ ነው። እንዳሻው ምሳውን ሳይበላ ወጣና ከአንድ አይሱዙና ከሁለት ጫኝ ወዛደሮች ጋር ተመለሰ። እህሉ «ዘግይቶ የደረሰ የመስከረም ራሽን» ተብሎ ወደ መሰላ ይሄዳል። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል። ባየች ይህን ስትሰማ መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመሰገነች። መቼም ከፍርሃት ቢሆን መመለሱ አይከፋም አለች በልቧ።

በሩ ሲከፈት ግን ሽታው ወጣ። የነጭ ሽንኩርት ሽታ። ከታች ያሉት ጆንያዎች ተቦጫጭቀው ስንዴው ወለሉ ላይ ፈሷል፤ በስንዴው መሃል ሚካል ለአይጦቹ የለወሰችው ጥቁር ዱቄት የተቀባ እህል እዚህም እዚያም ተበትኗል። የሞቱ አይጦች አሉበት። ወዛደሮቹ ደህናዎቹን ጆንያዎች ጫኑ። እንዳሻው ቀሪውን አየና «ጠርጋችሁ አዲስ ጆንያ ውስጥ ክተቱት። ክብደቱ መሙላት አለበት» አላቸው።

«ጌታው፣ ይሄ ይሸታል» አለ አንደኛው።

«ዝም ብለህ ስፋ!»

በአካፋ እየዛቁ ከተቱት። የጆንያ መስፊያው ሲባጎ ስላለቀ ሚካል ከመኝታ ቤት ቀይ የሱፍ ክር አምጥታ ሰጠቻቸው። ባየች ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስድስት ቀይ ስፌት ያላቸው ጆንያዎች ቆጠረች። ከዚያ መሄጃ አጣች፤ ልጇን ክንዱን ያዘችው።

«እንዳሻው፣ እንዳሻው በማርያም! ድመቷን እኮ አይተሃል። ይሄንን ሰው ሊበላው ነው!»

«ታጥቦ፣ ተበጥሮ ነው የሚፈጨው። ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሁለት ፍሬ ማንን ይገድላል?»

«የታጠበ ታያለህ መሰላ ላይ? የሚጠጣ ውሃ የት አለና!»

እጇን ከክንዱ ላይ አላቀቀ፤ በኃይል አልነበረም፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የፈታቸው። «ስድስት ጆንያ ጎድሎ ከተገኘ እኔ አሥር ዓመት እታሰራለሁ። አንዲት ቃል ከአፍሽ ከወጣች እናት የለኝም፣ አንቺም ልጅ የለሽም።»

መኪናው ሲወጣ ባየች ወደ ምራቷ ዞረች። «መርዙን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ምን ያህል እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ንገሪው፣ አንቺን ይሰማሻል።»

ሚካል ባዶው ክፍል ደፍ ላይ ተቀመጠች። ባየች ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ሦስት ፓኮ ነው ያደረግሁት እትዬ። እኔም ተጨንቄያለሁ። ግን እሱ ከታሰረ ገሊላን በምን አሳድጋለሁ? እርስዎስ የት ይገባሉ?» ቀጥላም «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምናልባት ምንም አይሆንም» አለች።

በማግስቱ ማለዳ ባየች ቤተ ክርስቲያን ልሳም ብላ ወጣች። ሳመችም። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ወርዳ የመሰላ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ሌላ አልተረፈላትም። መንገዱን ሙሉ «እመለስ? ወራጅ አለ ልበል?» እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት፣ ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሶ መሰላ ገባ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት እልል አሉ። ሞሚና ከሰልፉ ወጥታ አቀፈቻት፤ ከስታለች፣ አጥንቷ ይወጋል። «አልሃምዱሊላህ! ልጅሽ አልረሳንም! ሲዘገይ ቀረ ብለን ነበር እኮ። አላህ ዕድሜ ይስጠው!»

ባየች ከእቅፏ ወጣች። ወደ ጆንያዎቹ ክምር አየች፤ ቀይ ስፌት ያላቸው ከታች ናቸው። ሦስቱ ይታያሉ። ሌሎቹስ?

«አቁሙ!» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም። በአማርኛም በኦሮምኛም ደገመችው። «እህሉ መርዝ አለበት! የአይጥ መርዝ ነው! አትውሰዱ!»

የእርዳታ አከፋፋዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሙሜ ይባላል፣ የባሏ ወዳጅ የነበረ ሰው ነው። ወደ እሷ መጥቶ በርጋታ ትከሻዋን ያዘ። «ነይ እስቲ፣ ጥላ ሥር ተቀመጪ። እንዳሻው አሁን ደውሎልኛል። እናቴ ሰሞኑን ጭንቅላቷ ልክ አይደለም፣ ከቤት ጠፍታለች፣ እዚያ ከመጣች ያዙልኝ ብሏል።»

«ጭንቅላቴ ጤነኛ ነው ሙሜ! በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ሰልፉ አጉረመረመ። አንዷ «ጭሮ ገብታ ስትጠግብ ለኛ ጨነቃት» አለች። አንድ ሽማግሌ ከተፈታው ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ በአቅራቢያው ለሚጭሩ ዶሮዎች በተነ። ዶሮዎቹ ለቀሙ። ሁሉም ቆሞ አየ። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም፤ እንደገና መሬቱን ጫሩ። ሰው ሳቀ። ያቺ ሳቅ ባየችን ከልጇ ዛቻ በላይ ጎዳቻት። ጆንያው ከደህናዎቹ እንደሆነ ለማን ታስረዳ?

«ባየች፣ በቃ» አለቻት ሞሚና ቀስ ብላ። «ልጆቹ ርቧቸዋል።»

ባየች ሁሉንም ጥሳ ወደ ክምሩ ሄደች። ከራስ ፀጉሯ ላይ ወስፌዋን መዘዘችና ቀይ ስፌት ያለውን አንዱን ጆንያ ፈታችው። ሙሜ ሊይዛት ሲሞክር ጆንያውን በሁለት እጇ ጎትታ ገለበጠችው። ስንዴው ተዘረገፈ፤ ከስንዴው ጋር ጥቁር የተቀባ እህል፣ ከሱም ጋር ሁለት የደረቁ አይጦች ሰዎቹ እግር ሥር ወደቁ። ሽታው ተነሳ።

ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ለመሙላት የዘረጋችውን ከረጢት ጣለች። ሙሜ ጎንበስ ብሎ ስንዴውን ነካና ጣቱን አሸተተ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ቀይ ስፌት ያላቸው ስድስት ናቸው» አለች ባየች። «ሦስቱ እዚህ አሉ። ሦስቱን ማን ወሰደ?»

ጠዋት የመጡ ሦስት ቤቶች ናቸው የወሰዱት። ወጣቶች በየአቅጣጫው ሮጡ። ሁለቱ ቤት ገና አልከፈቱትም ነበር። ሦስተኛው ቤት ሁለት ፍየሎች ከፈሰሰው ልሰው ጓሮ ወድቀዋል፤ በዚያ ሁሉ ድርቅ ያልሞቱ፣ የመጨረሻ የቤቱ ፍየሎች ነበሩ። ሰው አልሞተም። ሰው ሁሉ ይህን እየደጋገመ ተናገረ።

ፖሊስ መጣ። ባየች ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ስለ ተቆለፈው ክፍል፣ ስለ መስከረሙ ስልክ፣ ስለ ሦስቱ ፓኮ። ጸሐፊው «ልጅዎ ነው?» ሲላት «ልጄ ነው» አለች፤ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። እንዳሻው በዚያው ቀን ተያዘ። ከላይ አሉበት ያላቸው ሰዎች ስም ሲነሳ ግን አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባየች አስባው አታውቅም። ደህናው ከተመረዘው ተነካክቷል ተብሎ እህሉ በሙሉ ታሸገ። ሳምንት ቆይቶ ከከተማው ውጭ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተደርጎበት ተቀበረ። ምትኩ ይመጣል ተባለ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። ሴቶቹ ጉድጓዱ አጠገብ እየሄዱ ያዩት ነበር። «ስድስቱን ብቻ ለይተን ሌላውን መብላት እንችል ነበር» ይባላል ገበያ ላይ። «ዝም ብትል ምን ነበረባት፣ ለኛ ለብቻ ብትነግረን?» ይላሉ። ባየች ስታልፍ ወሬው ይቆማል። ፍየሎቿ የሞቱባት ሴት አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ «ልጅሽ መርዝ ላከልን፣ አንቺ ደግሞ የተረፈውን አስቀበርሽው» አለቻት።

ቤቷ ውስጥ አስተማሪው ስላለ ባየች ሞሚና ዘንድ ነው ያረፈችው። ሞሚና ያላትን ታካፍላታለች፣ መኝታዋን ለቃላታለች። ስለ ሟች ልጅ ግን አንድም ጊዜ አላነሳችም፤ እንዳሻው ያኔ እህሉን መደበቁን ከሰማች ወዲህ ባየችን ስታይ ዓይኗን ወደ ሌላ ትመልሳለች። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ባየች ጠየቀቻት።

«ጠላሽኝ እንዴ ሞሚና?»

ሞሚና እሳቱን ቆሰቆሰች። «አልጠላሁሽም። አንቺ እውነት ተናገርሽ። እውነት ግን ተፈጭቶ አይበላም።» አንድ እንጨት ጨምራም «መንገድ ተበላሽቶ ነው ያልሽኝን ቀን እኔ አምኜሽ ነበር» አለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባየች ወደ ጭሮ ወረደች። እንዳሻው ልጅ ሆኖ የሚወደውን ጨጨብሳ ከሞሚና ተበድራ ባመጣችው ዱቄትና ቅቤ ሠርታ፣ በሳህን ከድና፣ በነጠላ ቋጥራ ነው የሄደችው። እስር ቤቱ በር ላይ ጠያቂ ተሰልፏል። ከፊቷ ሚካልና ገሊላ ነበሩ። ሚካል በጣም ተጎሳቁላለች። ቤቱ ታሽጎ፣ ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚኖሩ ባየች ሰምታለች። ገሊላ አያቷን ስታይ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ቆመች።

«ሰላም ነሽ ገሊላዬ?» አለች ባየች።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሚካል የልጇን እጅ ይዛ ወደ ፊት ዞረች። ሰላምታ አልሰጠችም፣ አልተሳደበችም።

ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው ሳህኑን ከፈተ። ለሁሉም የሚለውን ነው ያላት። «ይቅመሱት እናት።»

ባየች ከጨጨብሳው ቆንጥራ ጎረሰች። ዋጠች። ጠባቂው ሳህኑን ይዞ ገባ። ብዙ ሳይቆይ እንደያዘው ተመለሰ።

«አልፈልግም ብሏል።»

«ከማን እንደሆነ ነግረኸዋል ልጄ?»

ጠባቂው ወጣት ነው፤ ዓይኗን ማየት ከበደው። «ስነግረው ነው አልፈልግም ያለው።»

ባየች ሳህኑን ልትቀበል እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ወደ ፊት እየገፉ ነው።

«ጠያቂ የሌለው እስረኛ አይጠፋም» አለ ጠባቂው። «ለሱ ልስጠው?»

«ስጠው» አለች።

ከበሩ ገለል ብላ፣ ግንቡ ሥር ባለችው ጠባብ ጥላ ውስጥ፣ ባዶ ሳህኗን እስኪያወጣላት ቆማ ጠበቀች።